ሽማግሌው የተኛበት እሁድ

መንገድ ነፃነት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ የተቀመጥከው በመሪው በኩል ነበር ወይስ በመስኮቱ? መንገድን የሚያወድሱ ሁሉ ተሳፋሪዎች ናቸው። ዛፉ ወደ ኋላ ሲሮጥ ያያሉ፣ እንቅልፍ ሲመጣባቸው ይተኛሉ። ሹፌር የሚያየው ዛፉን ሳይሆን ከዛፉ ጀርባ ዘላ ልትወጣ የምትችለውን ፍየል ነው። ተራራም ለሹፌር ማርሽ ነው። በስንተኛ እንደሚወጣ፣ በስንተኛ እንደሚወረድ ያውቃል፤ ከዚያ ውጭ ስለ ተራራው የሚነግራችሁ ነገር የለውም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም፤ መጽሐፍ አብዝቶ በማንበብ የምታማ ብሆንም። ወንበር ላይ ተቀምጬ የምጽፍ ሰው ከመሆኔ በፊት፣ መንግሥት ከተለወጠ ብዙ ዓመት አልፎም ገና "አዲሱ መንግሥት" በሚባልበት ጊዜ፣ ተሳቢ እነዳ ነበር። ቤቴ ወልቂጤ ነበር። ቤቴ ስል ልብሴ የሚታጠብበት ቦታ ማለቴ ነው። ከአዲስ አበባ ሲሚንቶና ብረት ጭኜ ወልቂጤን አልፋለሁ፤ ጊቤን ወርጄ፣ ጊቤን ወጥቼ ጅማ እገባለሁ፤ ከጅማ ቡና ጭኜ እመለሳለሁ። የማዳበሪያ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ጅቡቲ እንላካለን። መንገዱ ሁልጊዜ በግንባታ ላይ ነበር። ልማት የሚለውን ቃል የማውቀው በአቧራው ጣዕም ነው።

ስለ ሹፌር የሚወራውን ታውቃላችሁ። በየከተማው ሚስት አለችው ይባላል። እኔ በየከተማው የነበረኝ ጎሚስታ ነው፤ ወሊሶ አንድ፣ ሰኮሩ አንድ፣ ሚሌ አንድ። ስመጣ ፊታቸው የሚበራው፣ ስቆይ "ምነው ጠፋህ?" የሚሉኝ እነሱ ብቻ ነበሩ። ጎማዬ ደህና ሆኖ ሳልፋቸው ቅር ይላቸው ነበር።

ድካሙን እንዴት እንደምገልጸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የገበሬ ድካም ጡንቻ ላይ ነው፤ ሲተኛበት ይወጣል። የሹፌር ድካም ግን አብሮት ይተኛል። ወልቂጤ ገብቼ አልጋዬ ላይ ስጋደም አልጋው መሄዱን ይቀጥላል። ጣራው ላይ ነጭ መስመር ይሮጣል። በዚያ ላይ ሥራው ግማሹ መንዳት፣ ግማሹ መቆም ነው፤ ለመጫን ወረፋ፣ ለማራገፍ ወረፋ፣ ኬላ ላይ ወረፋ፣ ሚዛን ላይ ወረፋ። ጓደኞቼ ወረፋውን በጫት ይገፉታል። እኔ አልቅምም ነበር፤ ጨዋ ሆኜ ሳይሆን መንጋጋዬን ስለሚያመኝ ነው። በፈንታው አነብባለሁ። ሽፋን የሌለው ልብወለድ፣ የቆየ መጽሔት፣ ሌላው ሲጠፋ ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት። ጓደኞቼ ያዝኑልኝ ነበር። "ይሄ ልጅ ዓይኑን በከንቱ ይጨርሳል" ይሉኛል፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዘጉ ቀይ ዓይኖቻቸውን እያሹ።

ጀርባዬ ሲብስብኝ ወልቂጤ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ቅባት ልገዛ ገባሁ። ባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ልጅ አየችኝና፣

"ምንህን ነው የሚያምህ?" አለችኝ።

"ጀርባዬን።"

"ሥራህስ ምንድን ነው?"

"ሹፌር ነኝ። ተሳቢ።"

"እንግዲያው የሚያምህ ሥራህ ነው። ለሱ ቅባት የለንም።"

ቅባቱን ግን ሸጠችልኝ። ከዚያ ወዲያ ባለፍኩ ቁጥር እየገባሁ ቅባት ስለምገዛ ጋቢናዬ ውስጥ ሰፈሩን ሁሉ ለማሸት የሚበቃ ተከማቸ። መጽሐፍ ታነብ ነበር፣ በአፏም አትታማም። ዓመት ሳይሞላ ላግባሽ አልኳት። የሰጠችኝን መልስ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

"እኔ እሺ ነኝ። ግን አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም። አባቴ እምቢ ካለ እኔም እምቢ ነኝ። ተደብቆ፣ ተጠልፎ፣ ተኳርፎ የሚሆን ነገር የለም።"

አባቷ ቡታጅራ የብየዳ ቤት ነበራቸው። የብረት በርና መስኮት ይሠራሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን የከባድ መኪና ስፖንዳ፣ ጭነቱን የሚያቅፈውን የጎን ብረት፣ ይጠግናሉ። ለእኔ ከዚህ የባሰ አማች አልነበረም። ሹፌርን በወሬ የሚያውቅ ሰው በወሬ ይታለላል። እሳቸው የሚያውቁን በግጭታችን ነበር። የተጨማደደ ስፖንዳ ባዩ ቁጥር ከጀርባው የሰከረ፣ የቃመ ወይም ሴት ያሳፈረ ሹፌር ይታያቸዋል። በዚያ ላይ አጥባቂ የወንጌል አማኝ ናቸው። እኔም ከዚያው እምነት ቤት ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም እሁዴን መንገድ ላይ ስለማሳልፍ ከጠፉት በጎች እቆጠር ነበር። ጊዜው ደግሞ የዚያ በሽታ ጊዜ ነው። በየግድግዳው ከተሳለው የማስጠንቀቂያ ሥዕል ጥግ ላይ አንድ የጭነት መኪና አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያኗ ከማንም ሙሽራ የደም ምርመራ ትጠይቃለች፤ ከእኔ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች።

ሽማግሌ ላክሁ። ወላጆቼ በሕይወት ስላልነበሩ አንደኛው ሽማግሌዬ መንዳት ያስተማረኝ አንጋፋ ሹፌር ሆነ፤ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ሰፊ፣ ድምፁ እንደ ሞተር ወፍራም የሆነ ሰው። ሁለተኛው ከሰሜን በምድብ መጥተው ወልቂጤ የቀሩት የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህሬ ነበሩ፤ መጽሐፍ የሚያውሱኝ፣ ሥርዓት ከተጓደለ ራሳቸውን የሚያማቸው ሰው። ሦስተኛ ሽማግሌ ያስፈልግ ነበር። ሦስተኛው ጭኖ ሄዷል።

የመጀመሪያው ቀን በወጉ አለፈ። እንደምታውቁት ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይቀመጥም። ባለቤቱ "ቁጭ በሉ" ሲል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብሎ ቆሞ ይናገራል፤ መቆሙ ራሱ ልመናው ነው። ሁለቱም ቆሙ፣ ተናገሩ። አባትየውም እንደ ወጉ እሺም እምቢም አላሉ። "ከቤተሰብ ጋር እንምከርበት፤ በሚቀጥለው ወር መግቢያ፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ተመለሱ" አሉ።

በዚያ እሁድ እኔ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አየር የሚያፈስ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። ጋሼ ደግሞ ከኋላዬ ይመጣ ስለነበር ቆሞ አብሮኝ ከሥሩ ገባ። በሹፌር ሕግ የተበላሸ ጓደኛን አልፎ መሄድ የለም። ሽማግሌነቱን አስታወስኩት።

"ጋሼ፣ ቀጠሮው ዛሬ ነው እኮ። አንተ እንኳ ሂድ።"

"ትቼህ ብሄድ ስለምን ዓይነት ሰው ልመሰክርልህ ነው? ይልቅ ቁልፉን አቀብለኝ።"

ተንቀሳቃሽ ስልክ በዚያን ጊዜ የባለሥልጣን ዕቃ ነበር። መምህሬ ብቻቸውን ሄዱ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሽማግሌ አይደለም፣ እንግዳ ነው። አባትየው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክትፎ አሰናድተው፣ ዘመድ ጠርተው ሲጠብቁ ቆይተው ኖሯል። መምህሬን አብልተው ሸኟቸው፤ በር ላይ ሲደርሱ፣ "ሊለምን ያልመጣ ሲሰጡት ይመጣል?" አሏቸው።

ልጅቱ ወልቂጤ ባንኮኒዋ ጋር ስታገኘኝ አልተቆጣችም። መቆጣቷ ይሻለኝ ነበር። "እናቴ ለምናው አንድ እሁድ አስገኝታለች" አለችኝ። "ይቺ ካለፈች አልቋል። እኔም እናቴም አንለምንም።"

የቀረችን ያቺ እሁድ ነበረች። ለእኔ ቀላል ነበር፤ ዋዜማውን ማታ መኪናዬ ወልቂጤ ገብታ ነበር። ጋሼ ግን ማዳበሪያ ሊጭን ጅቡቲ ተልኮ ቅዳሜ ይገባል ሲባል አልገባም። እሁድ ጠዋት ከተማው መግቢያ ላይ ቆሜ መንገዱን ስመለከት የመኪናው አፍንጫ ብቅ አለ። ከጋቢናው ሲወርድ መሬቱን በእግሩ እየፈለገ ነበር። የመጨረሻዎቹን ቀናትና ሌሊቶች ሳይቆም እንደመጣ ሳይነግረኝ ገባኝ። ፊቱን በጀሪካን ውኃ አጠብነው፣ የመምህሬን ኮት አለበስነው፤ አልቆለፍ አለ። ክራቫቱን እያሰርኩለት ቆሞ አንኮራፋ።

ተሳቢውን ወልቂጤ ፈትቼ በዋናው መኪና ተነሣን። ወልቂጤና ቡታጅራ በካርታ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። በመኪና ግን ወይ በዓለም ገና ዞረህ ትሄዳለህ፣ ወይ በአረቅጥ በኩል ጭቃውንና ጉሙን ትያያዘዋለህ። ለመዞር ጊዜ ስላልነበረን በአረቅጥ ወጣን። ጋሼ በመካከላችን ተቀምጦ በየኩርባው አንድ ጊዜ እኔ ላይ፣ አንድ ጊዜ መምህሬ ላይ ይወድቃል። መምህሬ በነቃ ቁጥር ያስጠኑታል።

"ቁጭ በሉ ሲሉን ምን እንላለን?"

"አንቀመጥም።"

"እስከ መቼ?"

"ጉዳያችን እስኪፈጸም። አንተ መምህር፣ እኔ ልጅ ስጠይቅ አንተ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር፤ ተወኝ ልተኛበት።"

ቡታጅራ ስንደርስ አምልኮው አልቆ ሰው ነጠላውን እያስተካከለ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር። መኪናዋን አስፋልቱ ዳር አቆምኩ። አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ ይህም ወግ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው በብረት በሩ ሲገቡ አየሁ፤ በሩ ላይ በብየዳ የተሠሩ ሁለት ርግቦች ነበሩ። መጽሐፌን ከፈትኩ። አንዲት ገጽ ላይ ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ መምህሬ ብቻቸውን ወጡ። ደማቸው ከፊታቸው ሸሽቷል።

"ተኝቷል" አሉኝ።

"ማን?"

"ሽማግሌህ።"

"ቆሞ?"

"ተቀምጦ።"

"ተቀመጠ!"

"ሰውየው ገና 'ቁጭ በ...' ከማለታቸው 'እግዚአብሔር ይስጥልኝ' ብሎ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ ክልትው! እኔ እንደ ባንዲራ እንጨት ብቻዬን ቀረሁ። ብነቀንቀው፣ ብቆነጥጠው አልሰማ አለ። 'ልጁ አለ አይደል ውጭ? ጥራውና ይቀስቅሰው' አሉኝ። ግባ እንግዲህ፤ የቀረ ሥርዓት የለም።"

ገባሁ። አባትየው ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የብየዳ ብልጭታ የጠቃጠቃቸውን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ትይዩአቸው፣ በዳንቴል በተሸፈነው ረጅም ሶፋ ላይ ጋሼ አፉን ከፍቶ ተዘርሯል። "ጋሼ" አልኩት፤ ትከሻውን ያዝኩ። ምንም። ቀኝ እግሩ ብቻ ምንጣፉን ይጫናል፣ ይለቃል፤ ይጫናል፣ ይለቃል።

አባትየው እግሩን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩ።

"እግሩ ምን ሆኖ ነው?"

"ፍሬን እየያዘ ነው" አልኩ።

"የት ደርሶ ይሆን?"

እግሩን ተመለከትኩ። "ቁልቁለት ላይ ነው።"

"ተወው እንግዲህ" አሉ። "ቁልቁለት ላይ ያለ ሰው አይቀሰቀስም።" ተነሥተው ከውስጥ ጋቢ አመጡና ራሳቸው አለበሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተኛው?"

"ከጅቡቲ ከተነሣ።"

"አንተስ?"

"እኔ ትናንት ትንሽ ተኝቻለሁ።"

መምህሬ አሁንም መሃል ቤት ቆመዋል።

"እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄ" አሉ አባትየው። "ዛሬ እምቢ ልላችሁ ነበር። ንግግሬን አሰናድቻለሁ። ስለ ዝሙት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫት ጥቅሱን ሁሉ አውጥቼ ነበር። አሁን ይሄን ሰውዬ ሳየው የትኛውን ልጥቀስበት? ለኃጢአትም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል።"

"ይህን እንደ እሺታ እንውሰደው?" አሉ መምህሬ።

"ቁጭ በል መምህር።"

"አልቀመጥም።"

"ጓደኛህ ተቀምጦ ተኝቷል፤ ሥርዓቱ ፈርሷል እኮ።"

"የፈረሰው ግማሹ ነው። በእኔ በኩል እንደቆመ ነው።"

አባትየው ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ኃጢአት ይሻለኝ ነበር" አሉኝ። "ኃጢአተኛ ሲመሽ ይመለሳል፣ ሲመከር ይሰማል፣ ንስሓ ይገባል። ከድካም ንስሓ የሚገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጄን ስሰጥህ ለማን ነው የምሰጠው? ላንተ ወይስ ለዚህ እንቅልፍ? ክፉ እንዳልሆንክ አሁን አምኛለሁ። ግን ትኖራለህ ወይ?" ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። "አንድ ነገር አድርግልኝ። ቀን ቁረጥ። የፈለግኸውን እሁድ ምረጥ፤ በዚያ ቀን በዚህ በር ከገባህ ልጅቱን ውሰድ።"

ማንም ሌላ ጠያቂ "የሚቀጥለው እሁድ" ብሎ ጨርሶት ነበር። እኔም አፌን ከፈትኩ። ግን እሁዱን ከማለቴ በፊት በጭንቅላቴ ሰኞ መጣ። ሲሚንቶው ሰኞ ይጫናል ቢባል ማክሰኞ ነው የሚጫነው። ጊቤ ላይ መንገዱ በዝናብ ይዘጋል። ጅማ ቡናው አልደረሰም ይላሉ። ከዚያ የመኪናው ባለንብረት "ጅቡቲ" ይላል። አንዱን እሁድ ከሌላው እያማረጥኩ ሁሉንም አለፍኳቸው፤ የማልዋሽበት አንድም አላገኘሁም።

"አላውቅም፣ አባባ" አልኩ። "ቀን ብሰጥዎት ውሸት ነው የምሰጥዎት።"

መምህሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልቋል ብዬ ልወጣ ስል ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የእሷ ድምፅ መጣ። ለዚያች እሁድ ከወልቂጤ ቀድማን መጥታ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያ ሆና ትሰማ ኖሯል።

"አባዬ፣ የትምህርት ቤቱን በር መቼ ነው የምታስረክበው?"

አባትየው ደነገጡ። "ምን አገናኘው? ለሐሙስ ብያቸዋለሁ።"

"የትኛው ሐሙስ? ባለፈው ወር ሐሙስ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ሐሙስ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ቁርስ መብላት ጀምረዋል።"

"መብራት እየጠፋ ነዋ! ያለ መብራት በጥርሴ ልበይደው?"

"የእሱም መንገድ እየተዘጋ ነው። አንተ ስትዋሽ ሰው በር ይጠብቃል። እሱ ቢያንስ አልዋሸም።"

ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ፣ በዕድሜ የገፋ ሳቅ ተሰማ፤ እናትየው ነበሩ። አባትየው መጋረጃውን አዩ፣ ጣራውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። በቤታቸው ያለው ድምፅ ሁለት ለአንድ እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል።

"እንግዲህ ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ቀን አልቆርጥም፣ ቀን አልጠይቅም። የደረስክ ቀን ሠርግ ነው። እሷ ይቺን ዕድል ዓይኗ እያየ መርጣታለች፤ እኔ እመርቃለሁ። ማጉረምረም ግን መብቴ ነው።"

መምህሬ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ጋሼ ከእንቅልፉ ባነነ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። ጋቢውን አየ። ከዚያ ተፈናጥሮ ተነሥቶ የማይቆለፈውን ኮት በሁለት እጁ ከፊት ገጥሞ ያዘና በዚያ ወፍራም ድምፁ ጀመረ፦

"እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ..."

"አልቋል" አሉት አባትየው። "ተቀመጥ፣ ክትፎ ሊመጣ ነው።"

"አንቀመጥም!" አለ ጋሼ። "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም!"

ለማስቀመጥ ሦስታችንም ተጋገዝን።

የሠርጋችንን ቀን የቆረጠው መካኒክ ነው። የመኪናዬ ካምቢዮ ተሰብሮ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል ባለኝ ዕለት ቡታጅራ ደወልኩ። በማክሰኞ ተጋባን። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ማክሰኞ ሠርግ አይተው አያውቁም፤ መዘምራኑ ግማሾቹ ሥራ ላይ ስለነበሩ ዝማሬው ቀጭን ነበር። አባትየው መርቀውን ሲጨርሱ እጃቸውን ከራሴ ላይ ሳያነሡ "መለዋወጫው መጣ?" ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ።

መጣ፤ መካኒኩ ካለውም ቀድሞ። ቅዳሜ አማቾቼ ለመልስ ሊጠሩን ደግሰዋል፤ ዓርብ ጭነህ ውጣ ተባልኩ። ባለንብረቱን ለመንኩት፤ እሱም እኔን ለመነኝ። የእሱ ልመና ደመወዝ ያለበት ነበር። ሙሽራዬ ለመልሷ ያለ እኔ፣ ከሚዜዎቼ ጋር ወደ ቡታጅራ ሄደች። እኔ በዚያ ሰዓት ከአንድ ሰሊጥ የጫነ መኪና ኋላ አቧራ እየበላሁ ነበር።

ስመለስ ወልቂጤ ቤታችን ውስጥ፣ አሁን የልብስ ማጠቢያ ብቻ ያልሆነ ቤት፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ወደቅሁ። እሷ ከእግሬ ሥር ተቀምጣ ማሰሪያውን እየፈታች ትነግረኛለች።

"አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ እንደሆነ ማዕዱ ተባረከ። አባዬ ያንተን ድርሻ ለብቻው አስቀምጦት ነበር። ደጅ ደጁን ሲያይ፣ መኪና በጮኸ ቁጥር ሲነሣ ቆየ። መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ?"

"ምን አደረገ?"

"'ለሹፌር የተቆረጠ ሥጋ አያድርም' አለና ራሱ በላው። ከዚያ ደግሞ 'ሲመጣ ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ ንገሪው' አለኝ።"

ስንት ጊዜ እንደተነሡ ጠየቅኋት። እሷ እንደምትለው ሳልጠይቃት ነው የተኛሁት።